ዲስኩን ነቅላችሁ አሳዩኝ

ባለፈው ጥር፣ ሠርግ በሠርግ ላይ በተደራረበበት ሰሞን፣ አንዲት የቪዲዮ ስቱዲዮ ባለቤት በጠዋት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ያ ሳጥን አልከፈት አለኝ» አለች። የትኛውን ሳጥን እንደምትል አውቃለሁ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ያቋቋምኩላት እኔ ነኝ። እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ አራት ሃርድ ዲስኮች አሉበት። ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያሠራው በሬይድ 5 ዘዴ አያይዤ 12 ቴራባይት ቦታ አወጣሁላትና «ከእንግዲህ አንድ ዲስክ ቢሞት እንኳ ሥራሽ አይጠፋም» ብያት ሂሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ። የነገርኳት ውሸት አልነበረም። እሷ ግን ከዚያ ሁሉ ቃል ይዛ የቀረችው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ነበር፦ ሥራሽ አይጠፋም።

ስደርስ ከአራቱ መብራቶች ሁለቱ ቀይ ሆነዋል። የሳጥኑን መዝገብ ከፍቼ ሳየው አንደኛው ዲስክ የሞተው ከአምስት ወር በፊት ነው። በዚያ ቀን ሳጥኑ ጮኋል፤ እንዲጮህ ተደርጎ ነው የተሠራው። ረዳቷ የሆነው ልጅ ድምፅ እየቀዳ ስለነበር ጩኸቱን የሚያጠፋውን ቁልፍ ተጫነው፤ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ይከፈታል፣ ኤዲቲንጉ ይሠራል፣ የጎደለ ነገር ማንም አላየም። የሬይድ 5 ጠባይ ይኸው ነው፤ አንድ ዲስክ ሲሞትበት ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይሠራል። ሁለተኛው ሲከተል ግን ሁሉም አንድ ላይ ይሄዳል። በውስጡ ገና ለባለቤቶቹ ያልተሰጠ የዘጠኝ ሠርግ ቪዲዮ ነበር። የሦስቱን ከካሜራ ካርዶች ላይ መለስን። የስድስቱ አልተመለሰም። ከስድስቱ አንዷ ሙሽራ ምንም ሳትቆጣ የጠየቀችው፣ አያቷ የመረቋትን ክፍል ብቻ እንድናገኝላት ነበር።

ልጁን መውቀስ ይቀል ነበር፤ እኔ ግን አልወቅሰውም። ያ ጩኸት ምን ማለት እንደሆነ የነገረው ሰው የለም። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ይህን የምጽፈው በየስቱዲዮው፣ በየክሊኒኩ፣ በየሒሳብ ሥራ ቢሮው ያንኑ ቃል እየሰጠን የምንወጣ ባለሙያዎች ብዙ ስለሆንን ነው።

ሬይድ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነገሩን ያቀለዋል። ስሙን ያወጡት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ናቸው፤ ጥናቱን ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የያዛቸው ጭንቀት የሰው ሥራ እንዳይጠፋ የሚል አልነበረም፤ የፍጥነትና የዋጋ ነገር ነበር። ፕሮሰሰር በየጊዜው ሲፈጥን ዲስክ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የትልልቅ ድርጅቶች ኮምፒውተር የሚጠቀምበት ግዙፍ ዲስክ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ለግል ኮምፒውተር የሚሠሩትን ትንንሽና ርካሽ ዲስኮች ብናሰባስብና እንደ አንድ ብናሠራቸውስ አሉ። በእንግሊዝኛው ስም (RAID) ውስጥ ያለችው «አይ» መጀመሪያ የቆመችው «ርካሽ» ለሚለው ቃል ነበር፤ በኋላ ነው «ራሱን የቻለ» በሚል የተተካችው።

ዲስክ በበዛ ቁጥር ግን ከመካከላቸው አንዱ የሚሞትበት ቀን ይቀርባል። አንድ ዲስክ የምታሳድር ቤት የምታለቅሰው አንዴ ነው፤ መቶ የምታሳድረው መቶ የመርዶ በር አላት። ተመራማሪዎቹም ይህን አስልተውታል። ትርፍ መረጃ መጻፍ የመጣው፣ ዲስኮቹን በማብዛታቸው የተፈጠረውን ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ሬይድ አንድ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል። የተቀመጠ ነገር እንዲከርም ማድረግ ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላም ዕቃ ይፈልጋል።

አሠራሩን ለስቱዲዮዋ ባለቤት በወረቀት ላይ እንዳሳየኋት ላሳያችሁ። ኮምፒውተር የሚጽፈው 0 እና 1 ነው። በሦስቱ ዲስኮች ላይ 1፣ 0፣ 1 ተጽፏል እንበል። አራተኛው ላይ የሚጻፈው የ1ዎቹን ብዛት ተጋማሽ የሚያደርገው ቁጥር ነው፤ እዚህ ሁለት 1 ስላለ 0 ይጻፋል። አሁን የመጀመሪያው ዲስክ ሞተ። የቀሩት 0፣ 1፣ 0 ናቸው። 1 የሚታየው አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ ብዛቱ ተጋማሽ እንዲሆን የጠፋው 1 መሆን አለበት። በዚህ ዓይነት የሞተው ዲስክ በሙሉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው፣ ከቀሩት ተሰልቶ ይወጣል። ሁለት ሲጠፉ ግን ስሌቱ መልስ የለውም። ይህን ስታይ «ታዲያ ለአምስት ወር ያለ ምንም ዋስትና ነበር የሠራነው ማለት ነው?» አለችኝ። አዎን፣ ልክ እሱን ማለት ነው።

የሞተው ዲስክ በጊዜው ተቀይሮ ቢሆን እንኳ መንገዱ አጭር አይደለም። አዲሱን ዲስክ ለመሙላት ሳጥኑ የቀሩትን ሦስቱን ጥግ እስከ ጥግ ማንበብ አለበት፤ 12 ቴራባይት ነው። በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢጽፍ 4 ቴራባይቱ ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ስቱዲዮው ጎን ለጎን ሥራ ላይ ከሆነ ደግሞ በጣም ይረዝማል። ለቤት ኮምፒውተር በሚሸጡ ብዙ ዲስኮች መግለጫ ላይ የማይታረም የንባብ ስህተት በ100 ትሪሊዮን ቢት ከአንድ አይበልጥም ተብሎ ተጽፏል። 100 ትሪሊዮን ቢት ወደ ቴራባይት ሲመነዘር 12.5 ነው። አብዛኞቹ ዲስኮች ከመግለጫቸው የተሻሉ ናቸው፤ ቢሆንም አምራቹ ራሱ ዋስትና የሰጠበት ልክ እኛ እንዲያነብ ከምንጠይቀው ጋር እኩል ለእኩል ተጠግቷል። አራቱ ዲስኮች ደግሞ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ካርቶን የተገዙ ናቸው፤ እኩል ሠርተዋል፣ እኩል ሞቀዋል። አንዱ ሲደክም የሌሎቹም ጉልበት የት እንደደረሰ መገመት አያቅትም።

እዚህ ላይ መብራቱ ይጨመርበት። ሬይድ 5 አንድ ነገር ሲጽፍ ሁለት ቦታ ይነካል፤ መረጃውንና ያን ተጋማሽ የሚያደርገውን ማመሳከሪያ። በሁለቱ መካከል መብራት ከሄደ አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ሳጥኑ ተመልሶ ሲነሳ ደህና ይመስላል። ስህተቱ የሚወጣው ከወራት በኋላ፣ ዲስክ ሞቶ ስሌቱ የግድ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ የሚወጣው መልስ የተሳሳተ ነው። ለዚህ ነው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ሳይኖር ሬይድ 5 አቋቁሙልኝ የሚለኝን ሰው አሁን እምቢ የምለው። ዩፒኤሱም ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሳጥኑን በኬብል እንዲያዘው ሆኖ ይገናኝ፤ ሳጥኑ በሥርዓት ራሱን ይዘጋል። ይህችን ኬብል በብዙ ቦታ ከነማሸጊያዋ መሳቢያ ውስጥ ነው የማገኛት።

የዲስክ መሞት ደግሞ ከአደጋዎቹ አንዱ ብቻ ነው። በስህተት የጠፋ ፎልደር፣ ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ በሚይዙበት በሬይድ 1፣ ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ ዓይነት ቫይረስ ፋይሉን ሲቆልፍ የተቆለፈውን ፋይል ሬይዱ በታማኝነት በየዲስኩ ይጽፈዋል። ሌባ ሳጥኑን ከነነፍሱ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የዛሬው ምክሬ ይህ ነው፦ አራት ዲስክ መግዣ ገንዘብ ያለው ሰው ሁለቱን ብቻ በሬይድ 1 ያያይዛቸው፣ አንዱ የሌላው መስተዋት ይሁን። ሦስተኛው ላይ በየሳምንቱ ይገልብጥና ነቅሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠው። አራተኛውን ሌላ ሰፈር፣ እናቱ ቤትም ቢሆን፣ ያኑረው፤ በየወሩ ይቀያይራቸው። ቦታው ከ12 ወደ 4 ቴራባይት መውረዱ ያንገበግባል፤ ዲስክ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነውና እያንዳንዱ ቴራባይት ይሰማል። እኔ ግን የስድስት ሠርግ መጥፋት ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።

የድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ከዕቃዎቹ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም፣ ነገርም ከዚህ አይርቅም። ክረምት ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር አልነሳ አለ ተብሎ አንድ ወጣት ባለሙያ ተጠራ። ሁለት ዲስኮቹ በማዘርቦርዱ ሬይድ ተያይዘዋል፤ ለፍጥነት ተብሎ ደግሞ ሬይድ 0 ነው፣ ትርፍ የሚባል ነገር የሌለው። ልጁ ዊንዶውስ ያለበትን ፍላሽ ሰካ፤ መጫኛው ምንም ዲስክ አላገኘሁም አለው። ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረገ፤ ባዮስ ገብቶ ሬይድ የሚለውን ወደ ኤኤችሲአይ ቀየረ። ዲስኮቹ ለየብቻ ሆነው ብቅ አሉ። ደስ ብሎት አንዱን ፎርማት አደረገና ጫነ። የመሥሪያ ቤቱ የሦስት ዓመት ሰነድ በሁለቱ ላይ ተሸንሽኖ የተጻፈ ነበርና ከዚያች ደቂቃ በኋላ የሚሰበሰብ አልሆነም። የሚያንገበግበው፣ እዚያ የነበረው ዓይነት ሬይድ ምልክቱን የሚጽፈው በዲስኮቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ ምንም ሳይጽፍባቸው ባዮሱን ወደነበረበት ቢመልሰው ሬይዱ እንደገና የመነሳት ሰፊ ዕድል ነበረው።

ልጁ ቸልተኛ አልነበረም። የጎደለው አንድ ትንሽ ፎልደር ነበር። የዊንዶውስ መጫኛ ይዞ የሚመጣው እስከ ወጣበት ቀን ድረስ የተሰበሰቡለትን ድራይቨሮች ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተሠራ የዲስክ መቆጣጠሪያ ሲያጋጥመው እንዴት እንደሚያነጋግረው አያውቅም፣ ስለዚህ ዲስኩ የለም ይላል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ጊዜ ኤፍ6 ተጭነን ድራይቨሩን ከፍሎፒ እንሰጠው ነበር። አሁን መጫኛው ራሱ «ሎድ ድራይቨር» የሚል ምርጫ ያሳያል፤ ከፍላሽ ይቀበላል። ከኢንቴል 11ኛ ትውልድ ጀምሮ ብዙ ላፕቶፖች ቪኤምዲ በሚባል መቆጣጠሪያ በኩል ስለሚሠሩ፣ ምንም ሬይድ በሌለበት አንድ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ 10 ሲጫን እንኳ ይኸው ችግር ይመጣል። መፍትሔው ድራይቨሩን ከኮምፒውተሩ አምራች ገጽ አውርዶ፣ ዚፑን ፈትቶ ፍላሹ ላይ ማስቀመጥ ነው። መፍታቱን አትርሱ፤ መጫኛው የሚፈልገው መጨረሻው ላይ «.inf» የሚል ስም ያለውን ፋይል ነው፤ ተጠቅልሎ የመጣውን ፕሮግራም አያየውም። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የድራይቨር ማጠራቀሚያ ፍላሽ ግን አልወደውም፤ አሮጌ ነው፣ ብዙ ጊዜም ቫይረስ ይዞ ይዞራል። ኔትወርኩ ራሱ ድራይቨር አጥቶ ኢንተርኔት የለም ለሚል ሰው፣ ስልኩን በኬብል ሰክቶ ኢንተርኔቱን ቢያጋራ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ይቀበለዋል፤ የቀረውን ከዚያ ማውረድ ይቻላል።

እንግዲህ ልመናዬ ለሚገዙት ነው። ሰርቨርም ሆነ የዲስክ ሳጥን ስትረከቡ መብራቱ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ የርክክቡን ሰነድ አትፈርሙ። ገና ሥራችሁ ሳይገባበት፣ አንድ የሙከራ ቪዲዮ አጫውታችሁ፣ «በሉ አንዱን ዲስክ ነቅላችሁ አሳዩኝ» በሏቸው። ቪዲዮው ይቀጥላል ወይ? ሳጥኑ ይጮኻል ወይ? ኢሜይል ወይም መልእክት ለማን ይደርሳል? ዲስኩ ሲመለስ ራሱን ይሞላል ወይ፣ ስንት ሰዓትስ ይፈጃል? ከዚያም የሬይዱ ዓይነት፣ የዲስኮቹ ተራ ቁጥር፣ የባዮሱ ምርጫ በአንድ ወረቀት ተጽፎ፣ ድራይቨሩ ያለበት ፍላሽ ከወረቀቱ ጋር በፖስታ ታሽጎ ሳጥኑ ላይ ይለጠፍ። ይህን ለማድረግ ግማሽ ቀን ይበቃል። ግማሽ ቀን የለኝም የሚል ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም፤ ቀሪ ክፍያ አይገባውም።

በየካቲት ወደ ስቱዲዮው ተመለስኩ። አዲስ ሁለት ዲስክ፣ መስተዋት፣ ከውጭ የሚሰኩ ሌሎች ሁለት። አንዲት የሙከራ ቪዲዮ ከፈትንና ባለቤቷን «እስኪ ራስሽ ንቀይው» አልኳት። እጇ ትንሽ ዘገየ፣ ከዚያ ሳበችው። ቪዲዮው አልቆመም። ሳጥኑ ወዲያው መጮህ ጀመረ። ያ ረዳቷ ልጅ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ መጣና ለረጅም ጊዜ ቆሞ አዳመጠው፤ ቁልፉን አልነካውም። እስክሪብቶ አምጥቶ ስልክ ቁጥሬን በሳጥኑ ግንባር ላይ፣ ከቁልፉ ጎን ጻፈ።