ድንጋዩን ያየ ይናገር



በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በአምባሰል ምድር ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው የአቀበቱን ጠባይ አይረሳውም። ተራራው የመስቀል ቅርጽ ያለው፣ ዙሪያው ገደል፣ መግቢያውም አንድ በር ነው። እንግዲህ ከፊት የሚሄደው ሰው የላላ ድንጋይ ረግጦ ቢንገዳገድና ሳይወድቅ ቢቀር ምን ያደርጋል? «ተመስገን» ብሎ መንገዱን ሊቀጥል ይችላል። ወይም ዞር ብሎ «ድንጋዩ ይከዳል፤ ተጠንቀቁ!» ብሎ ለኋለኞቹ ያስታውቃል። ሁለቱም ሰዎች ከመውደቅ ድነዋል፤ ከኋላ የሚመጣውን ያዳነው ግን ሁለተኛው ብቻ ነው።

የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሰው ነው። በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት «ድንጋዩ ይከዳል» የሚለውን ቃል ተቀብሎ የሚመዘግብ፣ የሚያስታውስና የሚቆጥር የኮምፒዩተር ሥርዓት አለ፤ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ሶፍትዌር ይባላል። ከእናንተም መካከል ነገ ይህን ሥርዓት በመሥሪያ ቤቱ እንዲያስጀምር የሚታዘዝ ወጣት አይጠፋምና፣ ከወዲሁ ብንነጋገርበት መልካም ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ሠራተኛ የስፌት መኪናው መከለያ ወልቆ ቢያገኘው በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይልካል። ሥርዓቱ ቀኑንና ቦታውን ይመዘግባል፤ መከለያውን የሚጠግነውን ሰው በስሙ ያስታውቃል፤ የተቆረጠው ቀን ካለፈም ለአለቃው ይነግራል። የእሳት ማጥፊያው መቼ እንደሚመረመር፣ የማን ሥልጠና ጊዜው እንዳለፈ፣ ለማን ጓንትና የጆሮ መከላከያ እንደ ተሰጠ ይይዛል። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ጉዳት የበዛው በየትኛው ክፍልና በየትኛው ፈረቃ እንደ ሆነ ደምሮ ያሳያል።

ይህ የቅንጦት ነገር እንዳይመስላችሁ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ በማያደርስ ቦታ የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰውን አደጋና በሥራ ምክንያት የመጣውን በሽታ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ሠራተኛውም በበኩሉ በመሣሪያ ላይ ያየውን ጉድለት ወዲያው እንዲናገር ታዟል። በእኛው በደቡብ ወሎ፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ተመርቆ ነበር። ከገጠር መጥቶ ከስፌት መኪና ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተዋወቅ ወጣት በሚቀጠርበት በእንዲህ ያለው ሥፍራ፣ ይህ የሕግ ቃል የጣትና የዓይን ጉዳይ ነው።

ነገር ግን ሕጉ የሚጠይቀው መዝገብን ነው እንጂ ኮምፒዩተርን አይደለም። ብዙ ድርጅቶች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ሶፍትዌሩን የገዙ ዕለት ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። እስቲ አንዲት ሠራተኛ «መርፌው ጣቴን ለጥቂት ሳተኝ» ብላ ላከች እንበል። በማግሥቱ «ባለመጠንቀቅሽ ነው» ተብላ ከደመወዟ ቢቆረጥባት፣ እርስዋም ጎረቤቶችዋም ሁለተኛ አይጽፉም። በሚቀጥለው ወር ገጹ ባዶ ይሆናል፤ አለቃውም ባዶውን ገጽ አይቶ አደጋ የጠፋ መስሎት ደስ ይለዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቤት ነው።

ጽፎ መላክ ብቻውንም አይበቃም። በባንግላዴሽ፣ በሳቫር ከተማ፣ ራና ፕላዛ የሚባል ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሚያዝያ 23 ቀን 2013 በግድግዳው ላይ ስንጥቅ ታየ። በሕንፃው ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስቀረ፤ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ግን በማግሥቱ እንዲገቡ ታዘዙ። ሕንፃው በዚያው ጧት ተናደና ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። ስንጥቁን ያላየ አልነበረም። የጎደለው «ሥራው ይቁም» ብሎ የሚያዝ ሰው ነው። ይህን ሥልጣን ደግሞ ማንም ሶፍትዌር ይዞ አይመጣም።

እንግዲህ ሥራው ወደ እናንተ በመጣ ጊዜ አራት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ቅጹ ሠራተኛው በሚናገረው ቋንቋ ይሁን፤ አጭርም ይሁን፤ ማንበብ ለማይችል ወይም ስልክ ለሌለው ሰው ቃሉን ተቀብሎ የሚጽፍለት ይመደብ። ሁለተኛ፣ ለጥቂት የሳተውን አደጋ የተናገረ ሰው እንዳይቀጣ አለቃው በሠራተኛው ፊት ቃል ይግባ። ሦስተኛ፣ የተላከው ሁሉ መልስ ያግኝ፤ መጠገን ባይቻል እንኳ ምክንያቱ ይነገር። አራተኛ፣ በአንድ ክፍል ጀምሩና ካያችሁት በኋላ አስፉት። መብራት በጠፋ ቀን የሚያገለግል የወረቀት መዝገብም ከጎኑ ይኑር።

ደምና ስብራት ብቻም አይመዝገብ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2023 ባወጣው ግምት፣ ከሥራ ጋር በተያያዘ ምክንያት በዓመት 2.93 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ከእነዚህም 2.6 ሚሊዮን የሚሆኑትን የሚገድላቸው በሽታ ነው። የጥጥ ብናኝ፣ የኬሚካል ሽታ፣ የመኪና ጩኸት በአንድ ቀን አይጥሉም። ስለዚህ «ዛሬም ሳልኩ» የሚለው ትንሽ ቃል ቦታ ይፈልጋል።

በግሸን ከሚገኙት መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ጤፉት ነው። ስሙን ያገኘው ጽሕፈቱ እንደ ጤፍ የረቀቀ በመሆኑ ነው ይባላል። አባቶቻችን ታላቁን ነገር በጥቃቅን ፊደል ጽፈው ለልጅ ልጅ አቈይተዋል። የእናንተም መዝገብ በጤፍ ቅንጣት በሚመስል ነገር ይሞላ፤ በወለቀ መከለያ፣ በሚያንሸራትት ወለል፣ በተላጠ የመብራት ሽቦ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ይህን አንብባችሁ ነገ ቢሮ ስትገቡ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ያ የተላጠ ሽቦ ምናልባት ከጠረጴዛችሁ ሥር ይሆናል። ስንት ጊዜ ተራምዳችሁት አለፋችሁ? ከኋላ የሚመጣ ሰው አለና ተናገሩ።