ዕረፍቱ የማን ነው?



ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የቡሄ በዓል በየዓመቱ የሚውለው ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት በክረምቱ ወራት፣ በጾመ ፍልሰታም መካከል ነው። ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ በየደጁ እየዞሩም ጨፍረው ሙልሙል ይቀበላሉ። ከዚህች ዕለት በኋላ እስከ ዕንቁጣጣሽ የሚቀሩት ቀናት 22፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 23 ብቻ ስለሆኑ፣ የተማሪው ዕረፍት መገባደዱን፣ የወላጁም የደብተርና የምዝገባ ሐሳብ መጀመሩን የምታስታውስ ዕለት ናት። ስለሆነም በዚህ “ዕረፍት” እየተባለ በሚጠራው ጊዜ በየቤታችን በእርግጥ ያረፈው ማን እንደሆነ መጠየቅ የተገባ ነው።

ተማሪው አርፏል እንዳይባል፣ በከተማ ሐምሌ ሳይገባ ለማጠናከሪያ ትምህርት ተመዝግቦአል፤ የተረፈውን ሰዓት ቴሌቪዥንና ስልክ ወስደውበታል። በገጠርማ ወቅቱ የእርሻና የአረም በመሆኑ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጁ ሥራ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። አባት ከመሥሪያ ቤቱ እንደ ወትሮው አምሽቶ ይገባል። እናት ደግሞ፣ በመሥሪያ ቤት ብትውልም ባትውልም፣ ልጆች ቤት በሚውሉበት ወራት ማዕዱ ይደጋገምባታል፤ የታጠበው ልብስ በዝናቡ ምክንያት አልደርቅ ብሎ በየወንበሩ መደገፊያ ተሰጥቶ ይሰነብታል። የሙልሙሉን ሊጥ የሚያቦካ፣ ለበዓሉ ዋዜማ እስከ እኩለ ሌሊት ምጣድ ሥር የሚቀመጥ ማን ነው? ልጆቹ በደስታ የሚቀበሉት ዳቦ የአንዲት ሴት እንቅልፍ ዋጋ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከእናቲቱም በታች ሌላ ሰው አለች፤ የቤት ሠራተኛይቱ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ሲደነግግ፣ ለትርፍ ላልሆነ የግል አገልግሎት የሚቀጠሩትን ግን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎ ለሌላ ደንብ ትቶአቸዋል። እንግዲህ የእርሷ የዕረፍት ቀን በአብዛኛው በቤቱ ባለቤቶች ኅሊና ላይ የተጣለ ነው።

ሕገ ኦሪት ግን አልተዋትም። ስለ ሰንበት የተሰጠው ትእዛዝ ዕረፍትን ለቤቱ ጌታ ብቻ አልሰጠም፤ ወንድና ሴት ልጁን፣ አገልጋዮቹን፣ ከብቱን፣ በደጁ ያለውን እንግዳ እንኳ እየጠራ ይቈጥራል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ደግሞ አገልጋዮቹ እንደ ጌታቸው ያርፉ ዘንድ መሆኑን ምክንያት አድርጎ ይጨምራል። ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜንና እሑድን ሁለቱንም ሰንበት ብላ የምታከብረው፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት በ15ኛው መቶ ዓመት በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ከብዙ ክርክር በኋላ ጸንቶ ነው። አባቶቻችን ስለ አንድ የዕረፍት ቀን ይህን ያህል ተከራከሩ፤ እኛ ግን ቅዳሜን የሳምንቱ ልብስ የሚታጠብባት ቀን አድርገናታል።

የበዓሉም ታሪክ ስለዚህ ነገር ዝም አይልም። ጴጥሮስ በተራራው ላይ ባየው ብርሃን ተደስቶ በዚያ ለመኖር ሲመኝ ሦስት ዳስ እንሥራ አለ፤ አንዱን ለጌታ፣ አንዱን ለሙሴ፣ አንዱን ለኤልያስ። ለራሱና ለሁለቱ ባልንጀሮቹ ዳስ አልጠየቀም። ሆኖም በዚያ አልቀሩም፤ ከተራራው ሲወርዱ የጠበቃቸው የታመመ ልጁን ይዞ የመጣ አባት ነበር። በአበው ትውፊት እንደሚነገረውም፣ በታቦር አካባቢ በጎቻቸውን የሚጠብቁ ልጆች ከብርሃኑ የተነሣ ቀኑ የመሸ ስላልመሰላቸው በዚያው ቢቈዩ፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦም ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ዛሬ ችቦ ስናበራና ሙልሙል ስንሰጥ የምናስበው ወላጅ ሥራውን ትቶ ልጁን ፍለጋ የወጣበትን ሌሊት ነው። ልጁ ከጎኑ ባለው ክፍል ስልክ ላይ አቀርቅሮ ሳለ ይህን ፍለጋ የማይወጣ ወላጅ ጥቂት አይደለም።

በጾሙ ወራት በሥራ ቀናት ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ገደማ በመሆኑ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ላይደርስ ይችላል። ቅዳሜና እሑድ ግን ቅዳሴው በማለዳ ስለሆነ ቤተሰቡ በአንድነት ሄዶ በአንድነት ይመለሳል፤ የጾሙም ማዕድ ቀላል ነው። ሽሮውን አባት ቢሠራው፣ ሳሕኑን ልጆች ቢያጥቡት፣ ጾሙ የሚፈርስበት ቤት አይኖርም። አስቸጋሪው ነሐሴ 16 ነው። በዚያን ቀን ዶሮ ይሠራል፤ ዶሮ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ የሚከተፍ ሽንኩርት አለው። ሽንኩርቱን መክተፍ የወንድ ልጅ ሥራ አይደለም የሚል ቀኖና ግን እስካሁን አላነበብንም።

ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ሁለት ሳምንታት ከጳጉሜን ጋር ናቸው። ማጠናከሪያው ያበቃል፤ ዘመድ መጠየቅ፣ አያት ዘንድ ማደር፣ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ መተኛትም ይቻላል። ሠራተኛይቱም አገሯ ደርሳ እንድትመለስ የሚፈቀድላት ከሆነ ጊዜው ይኸው ነው፤ ቀኑ ቀደም ብሎ ይነገራት፤ ደመወዟም ሳይቈረጥ ይሰጣት። የማታ ተማሪ እንደሆነች ግን ከመሄዷ በፊት ይጠየቅ፤ የእርሷም ምዝገባ ከልጆቹ ምዝገባ ጋር በአንድ ሰሞን ሊውል ይችላልና።