የተኮረጀ መልስ፣ ያልተጠና ችግር

በምሥራቅ አፍሪካ የዲጂታል ሥራ ፈጠራ ውስጥ ሥር የሰደደ አነጋገር አለ፤ «የእኛ አገር ኡበር»፣ «የእኛ አገር አማዞን» የሚል። በሌላ አገር የሰመረ መተግበሪያ ስሙና ቀለሙ ተለውጦ ይቀርባል። ገንዘብ የሚያወጣውም ሆነ በውድድር መድረክ ላይ የሚዳኘው ሰው ቀድሞ ከሚያውቀው ጋር የሚመሳሰል ሐሳብ ቶሎ ስለሚገባው፣ ቅጂው ከአዲሱ ሐሳብ ይልቅ ጆሮ ያገኛል። ልማዱ የቆመው እዚያ የሠራ እዚህም ይሠራል በሚል ግምት ላይ ነው። ግምቱ ግን ስሕተት ነው፤ የሚኮረጀው መልሱ እንጂ መልሱን የወለደው ችግር አይደለም።

የተቀዳ መተግበሪያ የተሠራበትን አገር አኗኗር ይዞ ይመጣል። ይህም ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊ ግን ከስሙ ቀጥሎ የሚጽፈው የአባቱን ስም ነው። በጳጉሜን የተወለደ ሰው ወሩን ከ12ቱ መካከል ቢፈልግ አያገኘውም። የመንገድ ስምና የፖስታ መለያ የሚጠይቀው ቦታ አዲስ አበባ ላይ ባዶ ይቀራል ወይም በማይረባ ነገር ይሞላል፤ ዕቃ አድራሹ ቤቱን የሚያገኘው «ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው አረንጓዴ በር» ተብሎ በስልክ ሲነገረው ነው። ደንበኛው እራቱ ማታ 2 ሰዓት እንዲመጣለት ብሎ «2» ሲነካ፣ በውጭ አቆጣጠር የተሠራው መተግበሪያ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። ቅጹን ወደ አማርኛ መመለስ ይህን አያቃናም።

ቀጣናው ለዓለም ያበረከተው ትልቁ የዲጂታል አገልግሎት የተወለደው በሌላ መንገድ ነው። ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2005 ኬንያ ውስጥ ሲሞከር ዓላማው ከአነስተኛ የብድር ተቋም የተበደሩ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ተጠቃሚዎቹ ግን ገንዘብ እርስ በርስ ይላላኩበት ጀመር። የስልክ ኩባንያው ሳፋሪኮምም ያየውን ተከትሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 አገልግሎቱን ለቤተሰብ ገንዘብ መላኪያ አድርጎ ለገበያ አቀረበው። ዘመናዊ ስልክ አላስፈለገውም፤ በሲም ካርዱ ላይ በተጫነ ሜኑ ይሠራ ነበር። የባንክ ቅርንጫፍም አልከፈተም፤ የሞባይል ካርድ የሚሸጠውን ባለሱቅ ወኪል አደረገው።

ያው ኤም-ፔሳ ሲቀዳ የሆነውም ከዚህ ያላነሰ ያስተምራል። የስልክ ኩባንያው ቮዳኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሲጀምረው በሦስት ዓመት 10 ሚሊዮን ደንበኛ ለማግኘት አቅዶ ነበር፤ በ2016 ግን ዘጋው። በዚያ አገር የባንክ ሒሳብ ያለው ሰው ከኬንያ እጅግ ይበዛል፤ የባንክ ሕጉም ጠበቅ ያለ ነው። ቴክኖሎጂው ያው ነበር፤ ኬንያ ውስጥ ያቃለለው ችግር ግን እዚያ በዚያው መጠን አልነበረም።

ኩረጃን የሚደግፉ ወገኖች ቅጂም ያተርፋል ይላሉ፤ ምሳሌያቸውም የጀርመኖቹ የሳምቨር ወንድማማቾች ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኢቤይን አስመስለው የሠሩትን አላንዶን በወራት ውስጥ ለራሱ ለኢቤይ ሸጡ። ይህ ትርፍ የተገኘው ግን ዋናው ኩባንያ ወደ ጀርመን ገበያ ለመግባት ቅጂውን ሊገዛ ስለፈለገ ነው፤ እንዲህ ያለ ገዢ ደጅ በማይጠናበት ገበያ ስሌቱ ይፈርሳል። በእነዚሁ ወንድማማቾች ኩባንያ፣ በሮኬት ኢንተርኔት፣ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ሌጎስ የተመሠረተው የኢንተርኔት መገበያያ ጁሚያ በ2019 በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ። በዚያው ዓመት ግን ከካሜሩንና ከታንዛኒያ ወጣ፤ በ2023 መጨረሻ ደግሞ የምግብ ማድረስ ሥራውን አቆመ።

ሌላው መከራከሪያ መኮረጅ መማር ነው የሚል ነው። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ወሰኑ የት እንደሆነ ግን የቅኔ ቤት ልማድ ያሳያል። ተማሪው በመጀመሪያ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ምሥጢሩን ያጠናል፤ ቀጥሎ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ይቆጥራል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ያሳፍረዋል። በዲጂታሉ ዓለምም ከተውሶው በላይ የተጨመረው ነገር ይመዘናል። በስልክ ታክሲ መጥራት የአዲስ አበባ ፈጠራ አይደለም፤ ራይድ ግን ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰው 8294 ደውሎ መኪና እንዲጠራ አደረገ። ለከተማው ሰው የጠቀመው ይህ ጭማሪ ነው።

አገር በቀል ነገርን መያዝም በራሱ ከኩረጃ አያድንም። ዕቁብን ወደ ስልክ ለማምጣት የሚነሣ ሰው በቀላሉ የሚያየው መዋጮውንና ዕጣውን ነው። ሁለቱን በኮድ መጻፍ ከባድ አይደለም። ዕቁቡን የሚያቆመው ግን ቀድሞ ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ወስዶ እንዳይጠፋ የሚጠራው ዋስ፣ ለቸገረው ተራ የሚያስለቅቀው ዳኛ፣ ማን በሰዓቱ እንደሚከፍል የሚያውቀው ጸሐፊ ነው። ይህ እምነት የሚሠራበትን መንገድ ሳያጠኑ ዕጣውን ብቻ ስልክ ላይ ማውጣት፣ ከውጭ መኮረጅ ቀርቶ ከጎረቤት መኮረጅ ነው።

ስለዚህ መለወጥ ያለበት በመጀመሪያ የመዳኛው ጥያቄ ነው። ባለሀብቱም፣ የውድድር ዳኛውም፣ አሠልጣኙም አንድን ሐሳብ ማንን ይመስላል ብለው ከመጠየቃቸው በፊት፣ ባለቤቱ ማንን፣ የት፣ በምን ሲቸገር እንዳየ መጠየቅ ይገባቸዋል። ለዚህ መልስ ያለው ሰው ከውጭ የሚዋሰውንና የሚተወውን ለይቶ ያውቃል።