ሳቁ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ፣ ለንደን ውስጥ በሚገኘው የድሩሪ ሌን ሮያል ቴአትር፣ ሮዝ ቀለም ያለው ብጥስጣሽ ወረቀት ከመድረኩ ጣሪያ እንደ ካፊያ ይወርድ ነበር። በማርቭል ፊልሞች የታወቁት ተዋንያን ቶም ሂድልስተንና ሄይሊ አትዌል በዚያ ወረቀት መካከል ይጨፍራሉ። ሙዚቃው የጭፈራ ቤት ነው። ወደ 2,000 ሰው የሚይዘው አዳራሽም ያጨበጭባል፣ ያፏጫል፣ ይጮኻል። የሚታየው ግን አዲስ ትርኢት አልነበረም፤ ዊሊያም ሼክስፒር ከ400 ዓመት በፊት የጻፈው «ማች አዱ አባውት ነቲንግ» ነው። በእኛ ቋንቋ «በከንቱ ግርግር» ብለው ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

ያንን ትርኢት ያዩ ሰዎች አስተያየት ሁለት መልክ ነበረው። ለአንዳንዶቹ በቴአትር ቤት ካሳለፏቸው ምሽቶች ሁሉ ደስ የሚለው ነው። ሌሎቹ ደግሞ ያየነው የሁለት ዝነኞችን ድግስ እንጂ የሼክስፒርን ተውኔት አይደለም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚሉት ነገር አላቸው፤ ለዚህም ነው ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ያልቻልኩት።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ከዘመቻ የተመለሱ ወታደሮች ሜሲና ከተማ ይገባሉ። ክላውዲዮ የተባለው ወጣት የአገረ ገዢውን ልጅ ሂሮን ይወዳል። የሂሮ የአጎት ልጅ ቢያትሪስና ቤኔዲክ የተባለው ወታደር ግን በተገናኙ ቁጥር ነገር የሚወራወሩ፣ ጋብቻ የሚባል ነገር አይነሳብን ያሉ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሆነ ሁለት ሰዎች ናቸው። ወዳጆቻቸው ይመካከሩና ሁለቱን በየተራ ተደብቀው እንዲሰሙ አድርገው፣ እሷ በፍቅሩ እንደታመመች፣ እሱም በፍቅሯ እንደነደደ ያወራሉ። ሁለቱም ይያዛሉ። እዚህ ድረስ ሳቅ በሳቅ ነው። ከዚያ ግን ሂሮ በሰርጓ ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በሐሰት ወሬ በሙሽራዋ አንደበት ትዋረዳለች። ተውኔቱ ኮሜዲ ቢሆንም መሐሉ ላይ እንዲህ ያለ ገደል አለው።

የአማርኛ አንባቢ ሼክስፒርን በይበልጥ የሚያውቀው በሐዘኑ በኩል ነው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ያመጣቸው «ሐምሌት» እና «ኦቴሎ» በብዙዎቻችን አእምሮ ታትመዋል። የሚያስቀው ሼክስፒር ያን ያህል አልደረሰንም። ክርክሩ ግን ለማንም የቴአትር ተመልካች ሩቅ አይደለም፤ አንድን ተዋናይ በቴሌቪዥን ወዶ፣ እሱን በአካል ለማየት ብሎ ትኬት የገዛ ሰው ሁሉ የክርክሩ ባለቤት ነው።

የዝነኞቹን ተውኔት የሚቃወሙ ሰዎች አንዳንዴ እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ዘመን የተጀመረ አስመስለው ይናገራሉ። እዚህ ላይ አልስማማም። ዴቪድ ጋሪክ የተባለው የዘመኑ ታላቅ ተዋናይ እ.ኤ.አ. በ1748 ቤኔዲክን መጫወት የጀመረው በዚያው በድሩሪ ሌን ነው፤ ሕንጻው ተቀይሯል እንጂ ቦታው ያው ነው። በማግሥቱ ዓመት ጋሪክ ራሱ ሲያገባ፣ አላገባም ብሎ የሚምለው ቤኔዲክ ተሸነፈ ብሎ ሕዝቡ የተጫዋቹን ኑሮ ከገጸ ባሕርይው ጋር አስተያይቶ መሳቁ አይቀርም ነበር። በ1882 ደግሞ ሄንሪ ኧርቪንግና ኤለን ቴሪ በላይሲየም ቴአትር ከ200 ጊዜ በላይ ተጫውተውታል። ይህ ተውኔት በታወቁ ሁለት ሰዎች ስም አዳራሽ ሲሞላ ኖሯል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ1600 የታተመው የመጀመሪያው ቅጂ ነው። በአራተኛው ገቢር ላይ፣ ዶግበሪ የተባለው የዘበኞች አለቃ መናገር በሚገባው ቦታ የገጸ ባሕርይው ስም አልተጻፈም። የተጻፈው «ኬምፕ» ነው። ዊል ኬምፕ ሼክስፒር በነበረበት የቴአትር ቡድን ውስጥ የነበረ፣ ሕዝቡ በጣም የሚወደው የኮሜዲ ተዋናይ ነበር። ከጎኑ ያለው ገጸ ባሕርይም እንዲሁ በተጫዋቹ በካውሊ ስም ተጠርቷል። ደራሲው ሲጽፍ በዓይነ ኅሊናው ያየው ዶግበሪን ሳይሆን ኬምፕን ነበር ማለት ነው። ቃላቱ የተሰፉት በአንድ ዝነኛ ሰው ልክ ነው።

እንግዲህ በ2025ቱ ዝግጅት አዘጋጁ ጄሚ ሎይድ ከተውኔቱ ቆርጦ ያወጣው ይህንኑ ክፍል ነው፤ ዶግበሪም ዘበኞቹም የሉም። ለወቀሳው ወገን ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። ዶግበሪ ቃላት የሚያምታታ፣ ራሱን ሊቅ አድርጎ የሚቆጥር ምስኪን ነው፤ ሆኖም ጌቶቹና መኳንንቱ ያላዩትን ተንኮል የሚያጋልጡት የእሱ ዘበኞች ናቸው። እሱ ሲወጣ፣ ትንንሽ ሰዎች ትልልቆቹን የሚያድኑበት ክፍል አብሮ ይወጣል። ቦታው ለሁለቱ ኮከቦች ተለቀቀ፤ የማርቭል ፊልሞቻቸውን የሚያስታውስ ቀልድም ተጨመረ። ዝና ተውኔቱን አጠበበው የሚሉትን ሰዎች እዚህ ላይ ልከራከራቸው አልችልም። የደጋፊዎቹ መልስ ደግሞ የዶግበሪ ቀልድ አብዛኛው በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ላይ የቆመ በመሆኑ ዛሬ ብዙ ተመልካች ሳይስቅ ያልፈዋል የሚል ነው። ይህም እውነት አለው። እኔ ግን ተዋናዩ ጎበዝ ከሆነ ያ ክፍል ዛሬም ያስቃል ባይ ነኝ፤ ቢቀር ይሻል ነበር ከሚሉት ጋር አልቆምም።

አንድ ወቀሳ ግን ፍጹም አይገባም፤ «የፊልም ሰዎች ናቸው፣ መድረክ አያውቁም» የሚለው። ሂድልስተን በ2008 የኦሊቪየር የቴአትር ሽልማትን ያገኘው ሼክስፒር ተጫውቶ፣ በጀማሪነት ዘመኑ ነው። አትዌልም ከማርቭል ውጭ በለንደን መድረክ ረጅም ሥራ አላት። በስክሪን የታወቀ ሰው መድረኩን ተበደረ ማለት አይቻልም፤ እነዚህ ሁለቱ የተነሡት ከመድረክ ነው።

ለዝነኞቹ የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ ግን ችሎታቸው አይመስለኝም። ለማስረዳት ወደ 2011 ልመለስ። በዚያ ዓመት ዴቪድ ቴናንትና ካትሪን ቴት በዊንደምስ ቴአትር ይህንኑ ተውኔት ተጫወቱ። አዘጋጇ ጆዚ ሩርክ ታሪኩን ወደ 1980ዎቹ ጂብራልታር ወሰደችው። ቴናንት በጎልፍ መኪና እየነዳ ይገባል፣ ቀለም ይቀባባል። ቴት ጓደኞቿ የሚያወሩትን ተደብቃ ስትሰማ የቀለም ቀቢዎች ገመድ ይዟት ወደ ላይ ያንጠለጥላታል። ሁለቱ ተዋንያን ከዚያ በፊት በ2008 «ዶክተር ሁ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ እየተነታረኩ የሚዋደዱ ጓደኛሞች ሆነው ታይተዋል፤ ትኬቱን የገዛው ሕዝብ አብዛኛው የሚያውቃቸው በዚያ ነው።

አሁን ተውኔቱን ልብ እንበል። ቢያትሪስና ቤኔዲክ መድረክ ላይ ሲገናኙ እንግዳ አይደሉም። በፊት በመካከላቸው የሆነ ነገር እንደነበረ፣ ልቧን ሰጥታው እንደነበር ቢያትሪስ አንድ ቦታ ላይ ታነሳዋለች፤ ዝርዝሩ ግን አይነገርም። ተመልካቹ ያንን ያለፈ ታሪክ ከየት ያመጣዋል? በማይታወቁ ተዋንያን እጅ ሲሆን በትወናው ብቻ መፈጠር አለበት፤ ከባድ ሥራ ነው። ቴናንትና ቴት ግን ሲገቡ ታሪኩ አብሯቸው ይገባል። ሕዝቡ ሲነታረኩ ለብዙ ሳምንት አይቷቸዋል፣ እንዲታረቁም ይመኛል። ዝና እዚህ ላይ ለተውኔቱ ሥራ ሠራ። ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ ደራሲው ክፍት የተወውን ቦታ ሞላ።

ግን ያው ነገር ይገለበጣል። ሕዝቡ ቀድሞ የሚያውቃት ቴትን ስለሆነ፣ ገና አፏን ሳትከፍት ይስቃል። በዚያ ቅጽበት የተሳቀው በቢያትሪስ አይደለም። ተዋናዩ ገና የሚገነባውን ቤት ሕዝቡ ተሠርቶ አልቋል ብሎ ገባበት። ይህ ቅሬታ በዚያው ዓመት በይበልጥ ጎልቶ የተሰማው፣ በዚያው ወቅት ቴምዝ ወንዝ ዳር ባለው ግሎብ ቴአትር ይኸው ተውኔት በኢቭ ቤስትና በቻርልስ ኤድዋርድስ ይታይ ስለነበረ ነው። ሁለቱም የታወቁ የመድረክ ሰዎች ናቸው፤ መንገድ ላይ ግን ሰው ከቦ አያስቆማቸውም። እዚያ ከጣሪያው ውጭ ቆሞ ማየት 5 ፓውንድ ነበር። ሃያስያንና ተመልካቾች አንዱን ከሌላው ማነጻጸራቸው አልቀረም፤ አንድ ከተማ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ በአንድ ጊዜ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። እኔ ሁለቱም መታየታቸው ደስ ይለኛል። ግሎብ የሄደው ሰው ቢያትሪስን አገኘ፤ ዊንደምስ የሄደው ሰው ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ተነሥቶ ሼክስፒር ደጅ ደረሰ።

ዝና ብቻውን የማይችለውን ነገር ያሳየው የ2013ቱ ዝግጅት ነው። ቢያትሪስንና ቤኔዲክን ሲጫወቱ ቫኔሳ ሬድግሬቭ 76፣ ጄምስ ኧርል ጆንስ 82 ዓመታቸው ነበር። አዘጋጁ ማርክ ራይላንስ ሲሆን ቦታው ለንደን ያለው ኦልድ ቪክ ቴአትር ነው። ሁለቱ ቀደም ሲል «ድራይቪንግ ሚስ ዴዚ» የተባለውን ተውኔት በኒውዮርክ አብረው ተጫውተው፣ በ2011 መጨረሻ ለንደን አምጥተውት ነበር፤ ያውም ቴናንትና ቴት በለቀቁት በዊንደምስ መድረክ ላይ። ስለዚህ እነሱም የኋላ ታሪክ ይዘው ነው የገቡት። ሐሳቡም ውብ ነው፤ ፍቅር በሰማንያ ዓመትም ሰውን ሊያሞኘው ይችላል፣ እንዲያውም ብዙ ከኖሩ በኋላ መሸነፍ ይበልጥ ይከብዳል። ያም ሆኖ ሃያስያን ክፉኛ ተቹት። ቤኔዲክና ቢያትሪስ በአብዛኛው የሚናገሩት በስድ ንባብ ነው፤ ቃሉ ከአፍ ከአፍ ካልተነጠቀ ይሞታል። በዚያ ዝግጅት ፍጥነቱ ጠፋ ተባለ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ለማየት የመጣው ተመልካች በበኩሉ በፍቅር ነው የተቀበላቸው። የእነዚያን ተመልካቾች ጭብጨባ የዋህነት ነው ብሎ መናቅ አግባብ አይመስለኝም፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያከበረውን ተዋናይ ቆሞ ቢያመሰግን ነውሩ ምንድን ነው? ነገር ግን ያ ምስጋና ለተዋንያኑ እንጂ ለዚያ ምሽት ተውኔት የተሰጠ አልነበረም።

የገንዘቡ ጉዳይ አጭር ነው፣ ግን ይቆረቁራል። ኮከብ ባለበት ጥሩ ወንበር ከ100 ፓውንድ በላይ ነው። የሎይድ ቡድን ለወጣቶችና አቅም ለሌላቸው በ25 ፓውንድ ትኬት ለይቶ ነበር፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ተቃዋሚዎቹ ቅናሹ ባያስፈልግ ይሻል ነበር ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ያ ወጣት ሂድልስተን ባይኖር በ5 ፓውንድም አይመጣም ነበር ይላሉ። በዚህ የመጨረሻው ላይ ለደጋፊዎቹ አደላለሁ። ቴአትር ቤት ገብቶ የማያውቅ የሃያ ዓመት ልጅ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ለምን እንደመጣ መጠየቅ የእኛ ሥራ አይደለም። ያየው ምንድን ነው የሚለውን ግን መጠየቅ ይገባናል።

ይህን ለመመዘን ተውኔቱ ራሱ አንድ ቦታ አዘጋጅቷል። ሂሮ ከተዋረደች በኋላ፣ ሁሉም ሲወጣ፣ ቢያትሪስና ቤኔዲክ ብቻቸውን ይቀራሉ። ፍቅራቸውን ይነጋገራሉ። እሱ ስለ ፍቅርሽ ያሻሽን እዘዢኝ ይላታል። እሷም የልብ ጓደኛውን ክላውዲዮን እንዲገድልላት ትጠይቀዋለች። ከፍቅር ወደ ደም በአንድ ትንፋሽ። ተዋንያን ይህን ቦታ የሚፈሩት ተመልካቹ ብዙ ጊዜ ስለሚስቅ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእነዚህ ሰዎች መሳቅ የለመደ አዳራሽ ቶሎ መቆም አይችልም። የመድረኩ ሰው የበለጠ በተወደደ ቁጥር ሳቁን ማስቆም ይበልጥ ይከብዳል። የወረቀት ካፊያውን፣ ጭፈራውን፣ የማርቭል ቀልዱን ሁሉ እቀበላለሁ፤ አዳራሹ እዚህ ጋ ጸጥ ካለ። ጸጥ ካላለ ግን የወቃሾቹ ነገር ትክክል ነው፤ ሕዝቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከኮከቦቹ ጋር እንጂ ከቢያትሪስ ጋር አልነበረም። ይህ ደግሞ ከዝግጅት ዝግጅት ብቻ ሳይሆን ከምሽት ምሽት ይለያያል፤ ስለዚህ ነው አንዱ ተመልካች እያለቀሰ፣ ሌላው እየተበሳጨ ከአንድ በር የሚወጣው።

ዊል ኬምፕ እ.ኤ.አ. በ1599 አካባቢ ከቡድኑ ወጣ። በ1600 ከለንደን እስከ ኖሪች እየጨፈረ ሄዶ፣ በዚያው ዓመት ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። ዶግበሪን ከእሱ በኋላ ሮበርት አርሚን የተባለው ተዋናይ ሳይጫወተው አልቀረም። በዚያው በ1600 ተውኔቱ ታትሞ ሲወጣ ግን ስሙን የፋቀለት ሰው አልነበረም፤ ተጫዋቹ ከቡድኑ ከወጣ በኋላም ዘበኞቹ በሚሰበሰቡበት ገጽ ላይ የሚናገረው አሁንም «ኬምፕ» ነው።