የተተረተረ ክር አይጠፋም

በረመዳን ከአስር ሶላት በኋላ ያለው ሰዓት ለፆመኛ የታወቀ ነው። የቀኑ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ከወጥ ቤት የሾርባና የሳምቡሳ ሽታ ይመጣል፣ ልጆች በየአምስት ደቂቃው ሰዓት ይጠይቃሉ። ብዙዎቻችን ይህችን ሰዓት ስልክ እየነካካን እንገፋታለን። በአንዳንድ ቤት ደግሞ እናት ወይም አያት ክርና የሹራብ መርፌ ታወጣለች፤ ልጅም አጠገቧ ቁጭ ብላ «እኔንም አስተምሪኝ» ትላለች። ልናገር የፈለግሁት ከዚህ በኋላ ስለሚሆነው ነው።

ልጅቷ ሦስት ረድፍ ትሠራለች። አራተኛው ላይ ክሩ ይጠብቅባታል፣ አንድ ቀለበት ይሾልካል፣ ጠርዙ ይጣመማል። እናት ጥቂት ታያትና «አምጪው እስቲ፣ እንዲህ አይደለም» ብላ ከእጇ ትቀበላታለች። በደቂቃ አስተካክላ ትመልስላታለች። ይህ ሦስት አራት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ልጅቷ ሥራውን ትተዋለች። በቤቱም «የዛሬ ልጆች ትዕግሥት የላቸውም» ይባላል። በእኔ አስተያየት ግን መጀመሪያ ትዕግሥት ያለቀባት አስተማሪዋ ናት።

ሹራብ መሥራት ሲታይ ቀላል ነው። በአንዱ መርፌ ላይ ካለው ቀለበት ውስጥ አዲስ ቀለበት ስቦ ወደ ሌላው መርፌ ማሻገር ነው። በኪሮሽ ዳንቴል ስንሠራ አብዛኛውን ጊዜ መርፌው ላይ የሚቀረው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። በሹራብ ግን የረድፉ ቀለበቶች በሙሉ መርፌው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ስለዚህ አንዱ ከሾለከ ከሥሩ ያሉትንም እየፈታ ሊወርድ ይችላል። ጀማሪ ይህን ስለሚፈራ ክሩን አጥብቆ ይይዛል፤ ባጠበቀ ቁጥር ደግሞ መርፌው አልገባ ይለዋል። ክሩ ምን ያህል መሳብ እንዳለበት በቃል ተነግሮ የሚገባ ነገር አይደለም። እጅ ራሱ ደጋግሞ ነው የሚለምደው። እናት ባስተካከለች ቁጥር የሚለማመደው የእናት እጅ ነው።

ይህ ሙያ ከሌሎች የእጅ ሥራዎች የሚለይበት አንድ ጸጋ አለው። ልብስ ሰፊ መቀስ ያሳረፈበትን ጨርቅ መልሶ ሙሉ አያደርገውም። ሸክላ ሠሪም እሳት የነካውን ገል ወደ ጭቃ አትመልሰውም። ሹራብ ግን ይተረተራል፤ ክሩም አይጠፋም። ስለዚህ ልጅቷ መጀመሪያ መማር ያለባት መተርተርን ነው። የራሷን ረድፍ በራሷ እጅ ተርትራ እንደገና የጀመረች ልጅ ስህተትን አትፈራም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ወፈር ያለና ነጣ ያለ ክር ይምረጥ፤ በጥቁር ክር ቀለበቱ ለዓይን ያስቸግራል። የጥጥ ክር እምብዛም ስለማይለጠጥ ሱፍ ወይም አክሪሊክ ይሻላል። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መርፌ ይበቃል። 30 ቀለበት ይጀምርና በየረድፉ መጨረሻ ይቁጠር። 29 ከሆነ አንዱ ሾልኳል፣ 31 ከሆነ ሳያስበው አንድ ጨምሯል፤ ሁለቱም ይተረተራሉ። ረድፉ ወጣ ገባ ብሎ ቁጥሩ ግን ልክ ከሆነ ይለፈው። እሱን እጅ ሲለምድ ያስተካክለዋል።

የሙያው ታሪክም ለጀማሪ ማጽናኛ ይሆናል። በግብፅ የተገኙ የጥጥ ካልሲዎች ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተሠሩ ይገመታል። በስፔን ቡርጎስ ደግሞ በ1275 እ.ኤ.አ. ካረፈው የካስቲል ልዑል ፈርናንዶ ዴ ላ ሴርዳ መቃብር ውስጥ የሐር ሹራብ ትራስ ተገኝቷል። «በረካ» የሚለው የዓረብኛ ቃል ተሠርቶበታል፤ የሙስሊም ባለሙያዎች ሥራ እንደሆነም ይታመናል። በአንድ ኢንች ውስጥ ወደ 20 ቀለበት አለው። ያንን የሠራ እጅም አንድ ቀን የመጀመሪያውን ጠማማ ረድፍ ሠርቷል።

በእኛም አገር በቴሌቪዥኑና በጠረጴዛው ላይ የሚነጠፈው ዳንቴል፣ ለአራስ ልጅ የሚሠራው ሹራብና ኮፍያ፣ በሐረር ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስፌት፣ ሁሉም ከአጠገብ ተቀምጦ በማየት የተወረሰ ነው። በገበያው ርካሽ ሹራብ ሞልቷል፤ ልብሱን ገዝተን እንተካዋለን። ከእናት ወደ ልጅ ሳይተላለፍ የቀረ ሙያ ግን ከሱቅ አይገዛም።

«ፆም ይዞ፣ ኢፍጣር እያሰናዱ ማስተማር ከየት ይመጣል?» የምትል እናት እውነት አላት። መልሱ ሥራውን መከፋፈል ነው። ወንድ ልጅ ሳምቡሳውን ይጠቅልል፤ ከፈለገም መርፌውን ይያዝ። ሸማችንን ሲሠሩ የኖሩት በአብዛኛው ወንዶች ሆነው ሳለ ክር የሴት ብቻ ነው ማለት አያስኬድም።

«ለዒድ ሹራብ አደርሳለሁ» ብሎ መጀመርም አይመከርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በቀን 10 ረድፍ ይበቃል። በ30 ቀን 300 ረድፍ ይሆናል፤ ይህም በተባለው ክርና መርፌ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ የሕፃን ሻርፕ ነው። አንዱ ጫፍ ጠማማ፣ ሌላው ቀጥ ያለ ይሆናል። ጠማማው ጫፍ ይቅር፤ ልጅቷ በአንድ ወር ምን ያህል እንደተጓዘች የሚናገረው እሱ ነው።

ጀማሪን «ሶብር አድርጊ» ማለት ቀላል ነው። ከባዱ ልጅ ስትሳሳት እያዩ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ነው። በቀሩት የረመዳን ቀናት መርፌ ይዛ የምትታገል ልጅ አጠገባችን ካለች፣ ስትጠይቀን እንመልስላት፣ ስትተረትር ዝም እንበላት። መርፌውን ግን ከእጇ አንውሰድባት።