የላቫጆ ዋጋ፦ «ጎረቤት ስንት ያስከፍላል?» የሚለው ጥያቄ ለምን ያከስራል?

ቲክቶክ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ጭቃ የለበሰ ቪትዝ ይገባል፣ አረፋ ይለብሳል፣ ወንበሩ ተነቅሎ ይታጠባል፣ በመጨረሻ እንደ አዲስ እያበራ ይወጣል። ከቪዲዮው ሥር ደግሞ ሁሌም አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዋጋ ስንት ነው?» መልሱም ሁሌ አንድ ነው፦ «ኢንቦክስ»።

አዲስ አበባ ላይ ብዙ ወጣቶች ከተራ ላቫጆ ወደ ዲቴይሊንግ እየገቡ ነው። ሥራው ጥሩ ነው፣ ዲግሪ አይጠይቅም፣ በእጅ ሙያ የሚበላ ነው። ችግሩ ዋጋው ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ዋጋ የሚያወጣው ጎረቤቱን አይቶ ነው፦ «እነሱ 1,500 ካሉ እኛ 1,400 እንበል።» እኛ ዛሬ ማሳየት የምንፈልገው ይሄ 1,400 ብር ከማን ኪስ እንደሚወጣ ነው።

👉 እስቲ አብረን እናስላ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ የያዝናቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። አራት ልጆች የሚሠሩበት አንድ ትንሽ ቤት አለ እንበል። የወር ወጪው፦

▪️ የቦታ ኪራይ 30,000 ብር
▪️ መብራት፣ ውሃ (ውሃ ሲጠፋ የሚገዛውን ቦቴ ጨምሮ) 8,000 ብር
▪️ ጥበቃ 7,000 ብር
▪️ ለማሽን መተኪያ የሚቀመጥ 5,000 ብር

ድምሩ 50,000 ብር ነው። አራቱ ልጆች እያንዳንዳቸው በወር 12,000 ብር እንዲያገኙ ከፈለግን 48,000 ብር ይጨመራል። ጠቅላላ 98,000 ብር።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ጋ ደረስን። አራት ሰው በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን ቢሠራ 800 ሰዓት ይመጣል። ግን 800 ሰዓት ሙሉ መኪና ላይ የሚያሳልፍ ማን አለ? መብራት ይጠፋል፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ክረምት ላይ ዝናብ አለ፣ ማክሰኞ ጠዋት ደንበኛ የለም። ግማሹን፣ 400 ሰዓት እንያዝ። 98,000 ብር ለ400 ሲካፈል የአንድ ሰው የአንድ ሰዓት ሥራ 245 ብር ያወጣል። በ800 ካካፈላችሁት ግን 122 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ይመስላችኋል። ወጪው ሳይቀንስ ወረቀቱ ላይ ብቻ ቀነሰ ማለት ነው።

የውስጥ እጥበት እንውሰድ። ወንበር፣ ምንጣፍ፣ ጣራ፣ በር፣ ሁሉም። ሁለት ልጅ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል፣ ማለትም 6 የሥራ ሰዓት። 6 በ245 ሲባዛ 1,470 ብር። ለኬሚካልና ለፎጣ 300 ብር ጨምሩ። 1,770 ብር ደረሰ። እስካሁን አንድ ብር ትርፍ የለም። 15 በመቶ ትርፍ ሲጨመር 2,035 ብር ገደማ ይሆናል።

ደንበኛው ደግሞ ይመጣና «ወንድሜ፣ 300 ብር ቀንስልኝ እንጂ፣ ደንበኛህ አይደለሁ እንዴ?» ይላል። ለእሱ 300 ብር ትንሽ ቅናሽ ነው። ለእናንተ ግን ትርፋችሁ በሙሉ 265 ብር ስለነበር፣ እሱን ጨርሳችሁ 35 ብር ከኪሳችሁ ጨመራችሁ ማለት ነው።

👉 ታዲያ ጎረቤት እንዴት በ1,500 ይሠራል?

ሞኝ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ቦታው የአባቱ ከሆነ ኪራይ የለበትም። ከላይ ካለው ስሌት 30,000 ብር ኪራዩን አውጡና ደግማችሁ አስሉት፤ ያው ሥራ 1,320 ብር ብቻ ያስወጣዋል። ወይም ደግሞ ቋሚ ደንበኛ ስላለው በወር 400 ሳይሆን 500 ሰዓት ይሠራል። ያኔ ወጪው 1,476 ብር ይሆናል። ሁለቱም በ1,500 አይከስሩም። እናንተ ግን ኪራይ እየከፈላችሁ፣ ግማሹን ቀን ቁጭ ብላችሁ የሱን ዋጋ ከገለበጣችሁ፣ የሌላችሁን ቦታና የሌላችሁን ደንበኛ እንዳላችሁ ቆጥራችኋል።

👉 ክፍተቱን ማን ይሞላዋል?

በ1,500 ብር ከሠራችሁ 270 ብር ይጎድላል። አከራይ አይቀንስም፣ መብራት ኃይል አይቀንስም፣ ኬሚካል ሻጭ አይቀንስም። የሚቀንሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጆቹ ድርሻ። ለዚያ መኪና ሊያገኙት የሚገባው 720 ብር ወደ 450 ይወርዳል።

ይሄን የሚከለክል ሕግም በተግባር የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል፤ ነገር ግን እስካሁን በግል ዘርፍ የሚሠራበት የደመወዝ ወለል የለም። ላቫጆ ውስጥ ደግሞ ብዙ ልጆች ቋሚ ደመወዝ ሳይኖራቸው ከታጠበው መኪና ድርሻና ቲፕ ነው የሚወስዱት። ስለዚህ ባለቤቱ «ዋጋ ቀነስኩ» ሲል፣ ብዙ ጊዜ የቀነሰው የሰው ጉልበት ነው።

👉 ወጪው ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሻምፖ፣ ፖሊሽ፣ ሴራሚክ፣ የማሽን መለዋወጫ፣ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። እርግጥ ብዙው ዕቃ ቀድሞም በጥቁር ገበያ ምንዛሪ ይሸጥ ስለነበር ሁሉም ዋጋ በአንድ ሌሊት እጥፍ አልሆነም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል።

ስለዚህ ኬሚካል ዋጋ ውስጥ ስታስገቡ ባለፈው የገዛችሁበትን አትያዙ። የሚቀጥለውን ጀሪካን የምትገዙበትን ያዙ። አለበለዚያ ሸጣችሁ ስትጨርሱ መልሳችሁ መግዣ ታጣላችሁ።

ግብርም አለ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆኑ አነስተኛ ነጋዴዎች የሚከፍሉት ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ላይ ተሰልቶ ነው፤ እንደ ሽያጩ መጠን ከ2 እስከ 9 በመቶ። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ከስራችሁ የሠራችሁት መኪናም ግብር አለው። ከላይ ያልነው 2,035 ብር ውስጥ ይሄ ገና አልገባም።

👉 እና ምን ይሻላል?

1️⃣ በመኪና ዓይነት ብቻ ዋጋ አታውጡ። ልጅ የሚያመላልስ ቪትዝ ከንጹሕ ላንድክሩዘር የበለጠ ሰዓት ሊበላ ይችላል። ቪዲዮው ሥር «ከዚህ ብር ጀምሮ» ብላችሁ ጻፉ፣ የመጨረሻውን ዋጋ ውስጡን ካያችሁ በኋላ ተናገሩ። ሥራ ከተጀመረ በኋላ ግን አትጨምሩ።

2️⃣ ለአንድ ወር እያንዳንዱ ሥራ የፈጀውን ሰዓት ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ከጎረቤት ዋጋ ይልቅ ይሄ መዝገብ ይጠቅማችኋል።

3️⃣ ቅናሽ ከሰጣችሁ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ስጡ፣ ባዶ ሰዓት ይሞላላችኋል። ለቅዳሜ፣ ለፋሲካ ዋዜማና ለጥር ሠርግ ቅናሽ መስጠት ግን በራሱ የሚመጣ ሰው ላይ ገንዘብ መጣል ነው።

4️⃣ ደንበኛ ዋጋ ሲከብደው ሥራውን ቀንሱለት እንጂ ዋጋውን ብቻ አትቀንሱ። «በ1,200 ወንበሩንና ምንጣፉን እንሠራለን፣ ጣራው ይቆያል» ማለት ይቻላል።

መኪና ያላችሁም ስሙ። በጣም የረከሰ ዲቴይሊንግ ከአንድ ቦታ መቆረጡ አይቀርም። ወይ ከልጆቹ ድርሻ፣ ወይ ከኬሚካሉ። በመኪና ሻምፖ ፋንታ የልብስ ዱቄት ሳሙና የሚጠቀም ሰው የቀለሙን ሰም ያነሳዋል፣ ለዚያ የምትከፍሉት በኋላ ነው።

ዋጋ መጨመር ደንበኛ ያሸሻል የሚለው ፍርሃት ይገባናል። አንዳንዱ በእርግጥም ይሄዳል። ግን እያንዳንዱ መኪና 270 ብር እያጎደለ ከሆነ፣ ደንበኛ በበዛ ቁጥር ጉድለቱም አብሮ ይበዛል።

እናንተ ሰፈር የውስጥ እጥበት ስንት ገባ? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል? ሁለቱንም ጻፉልን። ላቫጆ ለሚሠራ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።