ክትባቱ ሲያንስ ማን ይቅደም?

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ስለ ክትባት ነው። ክትባት እንደሚጠቅም ብዙዎቻችን እናውቃለን። ልጆቻችንን ከፖሊዮና ከኩፍኝ የሚጠብቅልን ክትባት ነው። የዛሬው ጥያቄያችን ግን ሌላ ነው። ክትባቱ ትንሽ፣ ሰዉ ብዙ ሲሆን ማን ይቅደም?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በከሚሴ አካባቢ ባለ አንድ ቀበሌ ኃይለኛ ጉንፋን ገባ እንበል። ይህ በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ይባላል። ክትባት መጣ፤ የሚበቃው ግን ለ50 ሰው ብቻ ነው። በጤና ኬላው በር 400 ሰው ተሰልፏል። ከሁሉ ፊት የቆመው ጠንካራ ጎረምሳ ነው። ሌሊት ተነሥቶ መጣ። ከኋላ ምርኩዝ የያዙ አባት አሉ። አስም አለባቸው። አንዲት እርጉዝ ሴት ፀሐዩ ከብዷት ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። ሌላው ሰው ከብቶቹን ይዞ ወደ ጨፋ ሣር ወርዷል። ክትባት መምጣቱንም አልሰማ።

ታዲያ ቀድሞ የመጣ ይቅደም እንበል? ነገሩ ቀና ይመስላል። ገበያ እንዲህ ነው። ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ ቀድሞ የደረሰ ጥሩውን ግመል ይመርጣል። የዘገየ ሰው ለሚቀጥለው ሰኞ ይመለሳል። በበሽታ የተቀደመ ሰው ግን ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ የገበያ ሕግ ለክትባት አይሆንም።

እንደ ዕቁብ ዕጣ ብናወጣስ? ዕጣ የሚያምረው ችግራቸው እኩል በሆነ ሰዎች መካከል ነው። የጎረምሳውና የአስመኛው አባት ችግር ግን እኩል አይደለም። ጎረምሳው ቢታመም ብዙውን ጊዜ ተኝቶ ይነሣል። አባትየው ግን ትንፋሽ ሊያጥራቸው ይችላል።

ይህ ጥያቄ በአገራችን በእውነት የደረሰ ነው። በ2013 ዓ.ም. ኮሮና ባስጨነቀን ጊዜ፣ የካቲት 28 ቀን የመጀመሪያው ክትባት አዲስ አበባ ገባ። የመጣው ኮቫክስ በሚባለው የዓለም የክትባት ማከፋፈያ በኩል ነበር። ብዛቱ 2.2 ሚሊዮን ያህል ነበር። ብዙ ይመስላል አይደል? እስቲ እናስላ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መከተብ ነበረበት። ስለዚህ የሚበቃው ለ1.1 ሚሊዮን ሰው ነው። የአገራችን ሕዝብ ደግሞ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። ከ100 ሰው ለአንዱ ብቻ ደረሰ ማለት ነው።

ክትባቱ መጋቢት 4 ቀን በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ። መጀመሪያ የተከተቡት የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ቀጥሎ አረጋውያንና ነባር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ነባር ሕመም ማለት እንደ ስኳር፣ እንደ ልብና እንደ አስም ያለ ከሰው ጋር የሚኖር ሕመም ነው።

አንዳንዱ ሰው «እንዴ! የጤና ሠራተኛ ለምን ይቀድማል? ለራሱ አድልቶ ነው እንጂ» ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የጤና ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ትዳስሳለች። እሷ ከታመመች ሁለት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛ፣ በሽታውን ለሌላው በሽተኛ ልታስተላልፍ ትችላለች። ሁለተኛ፣ ጤና ኬላው ይዘጋል። ያን ጊዜ ምጥ የያዛትን ሴት ማን ይረዳል? እሷን መከተብ እኛን መጠበቅ ነው።

በዓለም ላይም ሰልፉ በትክክል አልሄደም። ሀብታም አገሮች ክትባቱን አስቀድመው ገዝተው ነበር። የእኛ ክትባት ይመጣ የነበረው ከሕንድ ነው። በዚያው መጋቢት ወር ሕንድ ውስጥ በሽታው በረታ። ሕንድም ወደ ውጭ መላኩን ገታች። ሁለተኛውን ክትባት የሚጠብቁ ብዙ ድሆች አገሮች ተቸገሩ። ጉልበተኛ ከፊት ሲቆም ደካማ እንደሚቀር በዚህ አየን። በአገሮች መካከል የከፋን ነገር በቀበሌያችን ልንሠራው አይገባም።

አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ዘወር እንበል። በ1911 ዓ.ም. ሕዳር ወር ኃይለኛ ጉንፋን አገራችን ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። አባቶቻችን «የሕዳር በሽታ» አሉት። ሕዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚቃጠለው በዚሁ መታሰቢያ ነው። ያን ጊዜ ክትባት አልነበረም። ያ በሽታ በዓለም ዙሪያ አንድ የተለየ ጠባይ ነበረው። ከሽማግሌና ከሕፃን ሌላ ጎልማሳውንም አብዝቶ ገደለ። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 40 የሆኑ ብርቱ ሰዎች ረገፉ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ተራውን የሚወስነው የሰው ክብር አይደለም። ዝምድናም አይደለም። ተራውን የሚወስነው በሽታው ራሱ ነው። ይህ በሽታ አብዝቶ የሚገድለው ማንን ነው? ብለን እንጠይቅ። በየዓመቱ የሚመጣው ጉንፋን አብዝቶ የሚጎዳው አረጋውያንን፣ እርጉዞችን፣ ሕፃናትንና ነባር ሕመምተኞችን ነው። ስለዚህ እነሱና የጤና ሠራተኞች ይቀድማሉ። እንደ 1911 ያለ በሽታ ቢመጣ ግን ተራው ሊለወጥ ይችላል።

በቀን ሥራ የሚኖር ወንድማችን «እኔ ብሞት ልጆቼን ማን ያበላል?» ቢልስ? ጥያቄው የእውነት ነው። ልንንቀው አይገባም። መልሳችን ይህ ነው። ወንድማችን ተራህ አልቀረም፤ ቆየ እንጂ። ተራህ እስኪደርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ስታስል አፍህን ሸፍን። መስኮት ክፈት። ከታመምክ ሰው ከበዛበት ቦታ ራቅ።

ነገር ግን ሰው ተራውን የሚጠብቀው ተራው ሲታመን ነው። ይህንም ለማድረግ አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

1. ክትባቱ ሳይመጣ ዝርዝሩ ይጻፍ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር አረጋዊ፣ እርጉዝና ሕመምተኛ ያለበትን ቤት ትመዝግብ። ከብት ይዞ የወረደውም አይረሳ።

2. የተራው ደንብ በኦሮምኛም በአማርኛም ይነገር። በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በዕድርና በገበያ ይሰማ። የማን ሕመም ምን እንደሆነ ግን በአደባባይ አይነበብ።

3. ሹምም የሹም ዘመድም ከዝርዝሩ ውጭ አይከተብ።

4. ተጠባባቂ ይኑር። የ2013ቱ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለ10 ሰው ነበር። ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። 7 ሰው ብቻ ቢመጣ የ3 ሰው ክትባት ይባክናል። ስለዚህ ቀጣዮቹ ሦስት ሰዎች አስቀድመው ይታወቁ፤ ይጠሩ።

እኛ ፊደል የቆጠርን ሰዎች በዚህ ሥራ ድርሻ አለን። የተለጠፈውን ደንብ እናንብብ። ለማያነብ ጎረቤት እናንብብለት። አባባ ምርኩዝ ይዘው ከኋላ ቆመው ካየን «አባባ፣ የእርስዎ ተራ ከፊት ነው፤ ይለፉ» እንበላቸው። ጎረምሳውም መንገድ ይልቀቅላቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ተራውን ዛሬ በሰላሙ ጊዜ እንነጋገርበት። በሽታው ከገባ በኋላ መነጋገር ወደ መገፋፋት ይለወጣል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእናንተ ቀበሌ ለ50 ሰው ብቻ የሚበቃ የጉንፋን ክትባት ቢመጣ እነማን ይቀድማሉ? ለምን?

2. የጤና ሠራተኛ ቀድማ መከተቧ ለእኛ ምን ይጠቅማል?

3. በ100 ሰው መካከል አንድ ክትባት ብቻ ቢኖር ዕጣ ማውጣት ትክክል የሚሆነው መቼ ነው?